ፕራዶ ባንክ ነውን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ጉዱማሌ አጠገብ ሦስት መኪኖች ጥላ ሥር ተደርድረው ቆመው ነበር። አንዱ ነጭ ፕራዶ፣ ሁለተኛው ብርማ ፎርቹነር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቻይና የመጣ አይዲ 6 የተባለ የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ነው። ሦስቱም ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር ናቸው። ገዢው በከተማው የጨርቃ ጨርቅ መደብር ያላቸው፣ የአራት ልጆች አባት፣ በሰው ዘንድ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። ደላላው ወጣት ነው፤ ሥራውን ያውቃል።

«ጋሼ፣ ብዙ አይጨነቁ» አላቸው። «ፕራዶ እኮ መኪና አይደለም፤ ባንክ ነው። ነድተውት ነድተውት ሲሸጡት ያተርፉበታል።»

«ባንክስ ሲቸግረኝ ያበድረኛል፤ ይኼ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሳቁ። ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ስጠይቃቸው ግን ሳቁ ቆመ። ለመጪው ወቅት ዕቃ ሊያመጡበት የያዙት ገንዘብ ነው። ከመደብሩ መደርደሪያ ላይ ተነሥቶ በአራት ጎማ ላይ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው።

ይህ የእሳቸው ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሐዋሳም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ ነጋዴ ዛሬ ባለ ሦስት ረድፍ መኪና የሚገዛው ቤተሰብ ስለበዛበት ሳይሆን ብር እንዳይቀልጥበት ሲል ነው። ስለዚህ ሦስቱን መኪኖች ስናወዳድር ስለ ሞተርና ስለ ወንበር ብቻ መነጋገሩ አይበቃም። በቅድሚያ «ባንክ ነው» የሚለውን አባባል መመርመር ይኖርብናል።

አባባሉ ከየት መጣ?

አባባሉ ከባዶ አልተነሣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ የቤት መኪና ላይ 100 በመቶ፣ ዕድሜው ከሰባት ዓመት ባለፈ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። አሮጌ መኪና ከውጭ ማምጣት ትርጉም አጣ። በዚህ ጊዜ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና በአንድ ሌሊት ተወደደ።

ቀጥሎም በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፕራዶ ባለቤት ጠዋት ሲነሣ መኪናው በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆኖ አገኘው። «ባንክ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በጥሞና እንየው። በ57 ብር ምንዛሪ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ወደ 70,000 ዶላር ነው። ምንዛሪው 114 ብር ሲገባ ይኸው መኪና 8 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ አሁንም ያው 70,000 ዶላር ነው። መኪናው አላተረፈም፤ ብሩ ነው ያነሰው። ባለቤቱ ከኪሳራ ድኗል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከኪሳራ መዳንና ማትረፍ አንድ አይደሉም። በዚያው ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ ወይም መለዋወጫ የነበረው ነጋዴም ድኗል፤ እሱ በተጨማሪ ዕቃውን አዟዙሮ ትርፍ አግኝቶበታል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ታክሱ አንድ ጊዜ ተጣለ፤ ክልከላው አንድ ጊዜ መጣ፤ ምንዛሪውም ያንን ያህል የዘለለው አንድ ጊዜ ነው። በሦስት አጋጣሚዎች የተገኘን ጭማሪ በየዓመቱ የሚገኝ ወለድ አድርጎ መቁጠር የሒሳብ ስሕተት ነው። ከእንግዲህ የአሮጌው ነዳጅ መኪና ዋጋ በሁለት ወገን ይጎተታል። አዲስ ስለማይገባ እጥረቱ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የኤሌክትሪክ መኪና መብዛትና የነዳጅ ዋጋ መወደድ ደግሞ ወደ ታች ይስቡታል። የትኛው እንደሚያሸንፍ አውቃለሁ የሚል ደላላ ካለ ራሱ መኪናውን አይሸጥም ነበር።

ሰባተኛው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?

ባለ ሦስት ረድፍ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህን ነው። በዓመት ውስጥ ስድስትና ሰባት ሰው ሆናችሁ የምትጓዙባቸውን ቀናት በጣታችሁ ቁጠሩ። የፊቼ ጫምባላላ ዕለት አያት፣ አክስትና ልጅ ተሰብስቦ ወደ ጉዱማሌ ይኬዳል። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረ በዓል ነው፤ በዚያ ቀን መኪና ሙሉ ሆኖ መውጣት ያምራል። ሠርግ አለ፤ ለቅሶ አለ፤ ገናና ፋሲካ አለ። ሁሉም ተደማምሮ ለብዙ ቤተሰብ ሃያ ቀን ቢሆን ነው እንበል።

አሁን ለምሳሌ ያህል ባለ ሦስት ረድፉ መኪና ከባለ ሁለት ረድፉ በ2 ሚሊዮን ብር ይበልጣል እንበል። ያ 2 ሚሊዮን ብር በንግድ ላይ ቢሆን በዓመት 20 በመቶ ያመጣ ነበር ብንል የቀረብን 400,000 ብር ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህንን የታለፈ ዕድል ዋጋ ይሉታል፤ ነጋዴ ደግሞ «ገንዘቤ ተኛ» ይለዋል። ነገሩ አንድ ነው። 400,000 ብር ለሃያ ቀን ሲካፈል የኋላዎቹ ወንበሮች በቀን 20,000 ብር ያስወጣሉ ማለት ነው። አንባቢ የሚኒባስ ኪራይ ከነሹፌሩ በቀን ስንት እንደሆነ ይጠይቅና ራሱ ያወዳድር።

በሌላ በኩል ልጆቹን፣ የእኅቱን ልጆችና የጎረቤቱን ልጆች በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው፣ ወይም እንግዳ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚያመላልስ ባለሀብት በዓመት ሁለት መቶ ቀን ሊጠቀምበት ይችላል። ለእሱ ወንበሩ በቀን 2,000 ብር ብቻ ነው። መኪናው ያው ነው፤ ዋጋው ግን ለሁለቱ ሰዎች አንድ አይደለም።

ሦስቱ መኪኖች ሲመዘኑ

እንግዲህ ወንበሩ ያስፈልገኛል ያለ ሰው ወደ ጥላው ሥር ይመለስ።

ፕራዶና ፎርቹነር በሻንሲ ላይ የተሠሩ ናቸው። አካላቸው ከሻንሲው የተለየ ስለሆነ መጥፎ መንገድ ይችላሉ፤ ቢጋጩም ጠግኖ ለማቆም ይመቻሉ። ድክመታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ሻንሲውና የኋላው ዲፈረንሻል ከሥር ስላሉ ወለሉ ከፍ ይላል፤ አዋቂ ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተሠራውና 150 የሚባለው የፕራዶ ትውልድ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2,790 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፎርቹነር 2,745 ነው። አይዲ 6 ደግሞ 2,965 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፕራዶ በ17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ይህ ልዩነት የሚታየው ከኋላ በተቀመጠ ሰው ጉልበት ላይ ነው። ነገር ግን ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተዘረጋ እዚያም እግር ከፍ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሲገዙ መሪው ላይ ብቻ አይቀመጡ። ከኋላ ገብተው ሩብ ሰዓት ይቀመጡ፤ ባለቤትዎንና ትልቁን ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። ሁሉም ወንበር ተዘርግቶ ሳለም ከኋላ ስንት ሻንጣ እንደሚገባ ይመልከቱ። ሰባት ሰው ጭኖ አንድ ኩንታል ጤፍ የማይገባበት መኪና ለበዓል ጉዞ ፖርቶመጋላ ይጠይቃል።

እንደ ሐዩንዳይ ሳንታፌና ኪያ ሶሬንቶ ያሉት ደግሞ አካልና ሻንሲያቸው አንድ ወጥ የሆነ፣ በአስፋልት ላይ ከፕራዶ ይልቅ የሚመቹ መኪኖች ናቸው። ሦስተኛ ረድፋቸው ግን ለልጆች ነው። ፓጄሮን ለሚወድ ሰው ደግሞ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2021 ማምረት እንዳቆመ አስታውሰን እንለፍ። ለጊዜው መለዋወጫው ይገኛል፤ ሊሸጡት ሲያስቡ ግን ገዢ ይህንን ያነሣብዎታል።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ነገር ከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። የ2.7 ሊትሩ የፕራዶ ቤንዚን ሞተር በወረቀት ላይ 163 የፈረስ ጉልበት አለው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ያ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ሰባት ሰው ጭኖ ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ ሲወጣም ሹፌሩ ማርሽ ማብዛቱ፣ ነዳጁም መጨመሩ ከዚህ ነው። ተርቦ ያለው ናፍጣ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍነዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ አይነካውም።

በመለዋወጫ በኩል ፕራዶንና ፎርቹነርን የሚወዳደር የለም። አሞርዛተሩ፣ ኩሽኔታውና የፍሬን ሸራው ሐዋሳ ባይገኝ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የሚያውቀው መካኒክም በየጋራዡ አለ። የኤሌክትሪኩ ዘይት አይቀየርለትም፤ ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም። ሳይበላሽ ሲሄድ ርካሽ ነው። ሲበላሽ ግን የሚከፍተው ሰው ጥቂት ነው።

ዓመታዊ ሒሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች የስሌት ምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ይተካቸው። ፕራዶውን 8 ሚሊዮን፣ የኤሌክትሪኩን 6 ሚሊዮን ብር እንበለው። ሁለቱም በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል። ነዳጅን በሊትር 130 ብር፣ መብራትን በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር እንያዝ።

ቤንዚን ፕራዶ በመቶ ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቢጠጣ በዓመት 2,600 ሊትር ነው፤ 338,000 ብር ይሆናል። የናፍጣው 10 ተኩል ሊትር ቢበላ 273,000 ብር ነው። የኤሌክትሪኩ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ በዓመት 5,000 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ 50,000 ብር ነው። እስከዚህ ድረስ የኤሌክትሪኩ ሻጭ ፈገግ ይላል።

የተኛውን ገንዘብ በ20 በመቶ ስናስብ ግን ፕራዶው በዓመት 1,600,000 ብር፣ የኤሌክትሪኩ 1,200,000 ብር ያስቀራሉ። ልብ ይበሉ፤ የዓመቱ ቤንዚን በሙሉ ከዚህ ሩቡን እንኳ አያህልም። ገዢዎቻችን ስለ ሊትር ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ ትልቁን ወጪ ሳያዩት ያልፋሉ።

ቀጥሎ የሽያጭ ዋጋ አለ። የኤሌክትሪኩ በዓመት 10 በመቶ ይወርዳል ብንል 600,000 ብር ይጨመርበታል፤ ድምሩ 1,850,000 ብር ይሆናል። ፕራዶው ዋጋውን እንደያዘ ይቆያል ብንል ድምሩ 1,938,000 ብር ነው። ልዩነቱ 88,000 ብር ብቻ ሆነ። ፕራዶው በዓመት 5 በመቶ ቢጨምር በ312,000 ብር ያሸንፋል። 5 በመቶ ቢወርድ ደግሞ የኤሌክትሪኩ በ488,000 ብር ያሸንፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ክርክሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ማንም በማያውቀው የነገ ዋጋ ላይ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ የትኛውንም ብትመርጡ መኪናው በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። አስቀማጩን በዓመት 2 ሚሊዮን ብር የሚያስከፍል ባንክ በዓለም ላይ የለም።

ከአዲስ አበባ መልስ

የኤሌክትሪክ መኪና ለሐዋሳ ነጋዴ ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚፈተነው በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይዲ 6 በሁለት ዓይነት ባትሪ ተሠርቷል፤ አንዱ 62.6፣ ሌላው 84.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወረቀት ላይ 436 እና 588 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ተብሏል። ይህ ግን በቤተ ሙከራ የተለካ ነው፤ በፈጣን መንገድ፣ ሰው ሞልቶ ሲኬድ ከዚህ ሩቡንና ከዚያ በላይ መቀነስ ይበጃል።

ትንሹን ባትሪ እንፈትነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ 275 ኪሎ ሜትር 55 ይበላል። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ 650 ሜትር ያህል ሽቅብ አለ፤ ሙሉ መኪናን ያን ያህል ማንሣት አምስት ያህል ይጨምራል። ድምሩ 60 ነው። የባትሪው ሙሉ አቅም ደግሞ 62.6 ነው፤ ያውም ሁሉም አይነካም። ስለዚህ ትንሹ ባትሪ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ቢያወርድዎት እንኳ፣ ሽቅቡን መንገድ ላይ ሳይቆሙ ይመለሳሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ትልቁ ባትሪ ይመልሳል፤ ትርፍም ይኖረዋል። የኋለኞቹ የቢዋይዲ ታንግ ሞዴሎች እስከ 108.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ስላላቸው ለዚህ መንገድ የበለጠ ይመቻሉ። ደላላው «ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ሲያቆም እርስዎ «ስንት ኪሎዋት ሰዓት?» ብለው ይቀጥሉ።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግም ሒሳብ አለው። ከተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ነው የሚገኘው፤ ባዶ የሆነን ትልቅ ባትሪ ለመሙላት አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር ካስተከሉ 12 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ከመኪናው በፊት የቤቱን ቆጣሪና መስመር በባለሙያ ያስመርምሩ። የመሰኪያውንም ዓይነት ይጠይቁ፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ የሚባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የሚባለውን ይጠቀማሉ። በመንገድዎ ያለው ቻርጀር የእርስዎን መኪና የማይቀበል ከሆነ ቁም ነገር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በዚያ ሥራ መነሻነትም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። ሊቁ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገዢው ሁሉንም እንደ ብልሹ ይጠረጥራል፤ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። ፕራዶን ሺህ ሰው ስለሚያውቀው ይህ ችግር ቀላል ነው፤ መካኒክ ሞተሩን ሰምቶ፣ ጭሱን አይቶ ይፈርዳል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን በዓይን አይታይም። መድኃኒቱ በኮምፒውተር የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ማስነበብ ነው። ያንን አላስነብብም የሚል ሻጭ ካለ ሎሚውን ራሱ ይምጠጠው። በግል አስመጪ በኩል የገባ መኪና የፋብሪካው ዋስትና ብዙውን ጊዜ አብሮት እንደማይመጣም ይታወቅ፤ አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ተብሎ የተሠራ ነው።

ለደላሎቻችንም አንድ ቃል አለን። የባትሪ ምርመራ ወረቀት ይዞ ወደ ገዢ የሚቀርብ ደላላ ዛሬ ኮሚሽኑ ቢዘገይበት ነገ ገበያውን ይይዛል። ፕራዶን ያስከበረው ስሙ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ሰው ገመናውን ማወቁ ነው።

ወረቀቱ

የትኛውም መኪና ቢመረጥ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ የኤሌክትሪኩም የራሱ የሞተር ቁጥር አለው። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጣራ። በተለይ ባለሀብቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ፤ ለኢንቨስትመንት ወይም ለድርጅት ተብሎ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ ተራ ገዢ አይዞርም። «ርካሽ ፕራዶ» የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው፤ ቀረጡ ሲታሰብ ከውዱ ይበልጣል። ኢንሹራንስም በዛሬው ዋጋ ይገባ። ስምንት ሚሊዮን የሚያወጣውን በአራት ሚሊዮን ያስመዘገበ ሰው ጉዳት ሲደርስበት ግማሹን ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

ታዲያ ምን እንግዛ?

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግልጽ ነው። ሥራው ወደ በንሳ፣ ወደ አሮሬሳና ወደ ሁላ የሆነ፣ በቡና ወቅት ጭቃ የሚገባ ሰው ናፍጣ ፎርቹነር ወይም ናፍጣ ፕራዶ ይያዝ፤ ከሁለቱም ዋጋው ዝቅ ያለውን ይምረጥ። ውሎው ከተማ ውስጥ ሆኖ በወር ሁለቴ አዲስ አበባ የሚመላለስና መኪናውን አምስት ስድስት ዓመት ሊነዳው ያሰበ ሰው፣ ቤቱ ቻርጀር ማስተከል ከቻለ፣ ትልቅ ባትሪ ያለውን የኤሌክትሪክ መኪና ይግዛ። የነዳጁ ቁጠባ በየዓመቱ ይመጣል፤ የዋጋ መውረዱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ቆይቶ የሚነዳው ይጠቀማል። በሁለት ዓመት ውስጥ ልሸጠው እችላለሁ የሚል ግን ኤሌክትሪክ አይንካ። ሦስተኛውን ረድፍ በዓመት ሃያ ቀን ብቻ የሚሞላ ደግሞ ባለ አምስት ወንበር ገዝቶ ለበዓሉ ሚኒባስ ይከራይ።

የመደብሩን ዕቃ ሸጦ መኪና የሚገዛ ሰው ግን ከሦስቱ አንዱንም አይግዛ። መኪና ከትርፍ ይገዛል፤ ከመነሻ ካፒታል አይገዛም። ካፒታል ወንበር ላይ ከተቀመጠ መደብሩ ይቆማል፤ መደብሩ ከቆመ ደግሞ መኪናው የሚጠጣውም ያጣል።

የጨርቃ ጨርቁን ነጋዴ በሳምንቱ ስልክ ደወልኩላቸው። አልገዙም። «ልጆቼ ተቆጥተዋል» አሉኝ፤ «ደላላውም ተቆጥቷል። ዕቃው ግን ተጭኗል።» ለፊቼ ምን አሰቡ ብላቸው ለዕለቱ ሚኒባስ ሊከራዩ መሆኑን ነገሩኝ። ሰባት ሳይሆን አሥራ አንድ ሰው ሆነው ወደ ጉዱማሌ ይወርዳሉ።